ሙሽሪት በማሽላ መጋዘን

ጡረታ የወጣሁ ዕለት ደሴ በምሠራበት የሲኒማ አዳራሽ ባልደረቦቼ ሻይና ዳቦ አሰናድተው ሸኙኝ። ደብዳቤዬን ተቀበልኩ፣ ፈረምኩ፣ የማሽን ክፍሉን ቁልፍ አስረከብኩ። ነገር መጠየቅ የምትወደው ቲኬት ቆራጫችን በሥራ ዘመኔ ካሳየሁት ፊልም ሁሉ የትኛውን እንደምወድ ጠየቀችኝ። ስሙን የማላውቀውን አልኳት። የቀለድኩ መስሏቸው ሁሉም ሳቁ፤ እኔ ግን የምሬን ነበር። መጀመሪያው የተቆረጠ፣ ርዕሱ የጠፋ፣ የየት አገር ሰዎች እንደሠሩት የማይታወቅ አንድ ርካሽ የጋኔን ፊልም ነበር። ከዚያ የባሰ ፊልም በዓይኔ አላየሁም። ከዚያ በላይ የሚናፍቀኝም የለም። እውነቱን ለመናገር የሚናፍቀኝ ፊልሙ ሳይሆን ያዩት ሰዎች ናቸው፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ አጠገቡ ቆመው ያወሩት ሰው።

ወደዚህ ሥራ ያስገባኝ ደሴ ላይ ሳሙናና የባትሪ ድንጋይ የሚያከፋፍል ነጋዴ ነው። ሰው ተሰብስቦ ሲኒማ በነፃ ካየ በማግስቱ ሳሙና ይገዛል የሚል እምነት ነበረው። እኔ መኪና መንዳት እችላለሁ፤ ጀኔሬተር መጠገንም ትንሽ ትንሽ እሞክራለሁ። ስለዚህ አንድ አሮጌ ፒካፕ፣ አንድ ማሽን፣ አንድ ሰፊ ነጭ አቡጀዲና አያ ይመርን ሰጠኝ። በትክክል ካወራን ለአያ ይመር የተሰጠሁት እኔ ነኝ። መስመራችን ከወልዲያ ወደ ሮቢት፣ ከሮቢት ወደ ቆቦ፣ ከዚያ ዋጃና አላማጣ ነበር። ደርሰን እንመለሳለን፣ ተመልሰን እንሄዳለን። ደመወዙ ትንሽ ነበር፤ ስለ እሱ ብዙ የምለው የለኝም።

አያ ይመር ያኔ ሃምሳን ያለፉ፣ ቀጠን ብለው የረዘሙ የወረባቦ ሰው ነበሩ። ፊልሙ የሚናገረውን ቋንቋ እሳቸውም እኔም አናውቀውም። ስለዚህ እኔ የማሽኑን ድምፅ እዘጋዋለሁ፤ እሳቸው ከአቡጀዲው ጎን ቆመው ታሪኩን በራሳቸው አፍ ያወራሉ። ቆቦ ላይ በአማርኛ፣ አላማጣ ሲደርሱ ትግርኛ ጣል እያደረጉ፣ ትልልቅ ሰዎች ሲበዙ ደግሞ ኦሮምኛም እየቀላቀሉ። ከመጀመራቸው በፊት አንድ ብርጭቆ ሙቅ ውሃ ይጠጣሉ። ሲያወሩ ጀርባቸው ለሥዕሉ፣ ፊታቸው ለሰዉ ነው። አንድ ቀን ሥዕሉን ሳያዩ እንዴት ከእሱ ጋር እንደሚገጥሙ ጠየቅኳቸው። ሰዉ ፊት ላይ አየዋለሁ አሉኝ። እውነታቸውን ነው። የሚያስደነግጥ ነገር ሊመጣ ሲል ልጅ ያዘለች እናት ሁሉ እጇን ወደ ጀርባዋ ታዞራለች፤ አያ ይመር ያን እጅ አይተው ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ።

ማሽኑን እንዴት እንደምይዝ ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው፤ ራሳቸው ግን አይነኩትም ነበር። የራያ አቧራ ደቃቅ ነው፤ ፊልሙ ላይ ካረፈ ይቧጭረዋል። ከእያንዳንዱ ትርዒት በኋላ ሙሉውን ጥቅል በለስላሳ ጨርቅ መሃል እያሳለፍኩ እንዳጸዳው ያደርጉኝ ነበር። ሲበጠስ በምላጭ እቆርጠዋለሁ፣ ጫፉን እፍቀዋለሁ፣ በማጣበቂያ አገናኘዋለሁ፤ እስኪደርቅ እሳቸው ሰዉን በወሬ ያቆያሉ። ፊልሙ በየጊዜው እየተበጠሰ ስላጠረ እሳቸው በየጊዜው ወሬውን ያረዝማሉ። በመጨረሻ ከፊልሙ ይልቅ የእሳቸው ወሬ ነበር የሚበልጠው።

ፊልሙ እንዲህ ነው። አንዲት ሙሽራ ወደ ባሏ ቤት ስትወሰድ መንገድ ላይ ትሞታለች። ቀንድ ያለው ጋኔን ከመቃብሯ ያስነሣትና ወደ እናቷ ቤት ይልካታል። በር ታንኳኳለች፤ እናትየዋ ድምፅ ሰምታ ትነሣለች፤ ከዚያ በኋላ ያለው ብዙ ጭስና ብዙ ሩጫ ነው። የሌሊት ወፎቹ በክር የተንጠለጠሉ መሆናቸው ይታያል። የመቃብሩ ድንጋይ ሲነቃነቅ ይጨማደዳል፤ ጨርቅ ነዋ። ጋኔኑ ደግሞ የፍየል ቆዳ ለብሶ፣ ቀንድ ተክሎ፣ ግራ እጁ ላይ ሰዓት አስሯል። ሠሪዎቹ ማውለቁን ረስተውት ይሆናል።

ወልዲያ ላይ ሾፌሮቹ ሰዓቱን ሲያዩ ስንት ሰዓት ሆነ እያሉ ጋኔኑን ይጠይቁታል። ሮቢት ላይ ሴቶቹ ሙሽራዋን ትተው ለልብሷ አዘኑ፤ ያን የመሰለ ነጭ ሐር አፈር ላይ መጎተቱ አንገበገባቸው። ዋጃ ላይ ግን አንድ ሽማግሌ ተነሥተው ፊልሙን አስቆሙን። ሬሳዋን በሳጥን፣ ከነጫማዋ፣ በጀርባዋ አስተኝተው ነው የቀበሯት፤ በጎኗ አላስተኟት፣ ፊቷን ወደ ቂብላ አላዞሩት፣ ታዲያ እንዴት ብላ ትረፍ፤ ጥፋቱ የቀባሪዎቹ እንጂ የጋኔኑ አይደለም አሉ። ጎረቤታቸው ደግሞ በትክክል ብትቀበርም ኤኬራ ከመሆን አትድንም ብለው ተከራከሯቸው። ኤኬራ የሚሉት የቆላው ትልልቅ ሰዎች የሙት መንፈስን ነው። ክርክሩ ከፊልሙ ረዘመ። ጀኔሬተሩ ነዳጅ እየጨረሰ እኔ ስቁነጠነጥ አያ ይመር ቁጭ ብለው ያዳምጣሉ። በሌላ ጊዜ ዋጃ ስንመለስ ታሪኩን ቀይረውታል፤ ሙሽራዋ የምትንከራተተው ደግ ቀባሪ ስላጣች ነው አሉ። ያን ቀን ሰዉ አለቀሰላት።

እንደዚያ ያለ ተመልካች ከዚያ ወዲህ አላገኘሁም። በደርግ ጊዜ የትምህርት ፊልም ይዤ ቀበሌ ለቀበሌ ዞሬአለሁ፤ ሰዉ ተጠርቶ ይመጣል፣ ተቆጥሮ ይቀመጣል፣ ሲያልቅ ያጨበጭባል። በኋላ አዳራሽ ውስጥ ስገባ ወንበሩም ማሽኑም ጥሩ ነበር፤ አለቆቼም ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ሰው ግን ፊልሙን አይቶ ጥሩ ነው ወይም አይረባም ብሎ ይወጣል። እነዚያ የራያ ሰዎች ፊልሙ ውስጥ ገብተው ሬሳውን አስተካክለው ሊቀብሩ ይነሡ ነበር።

አያ ይመር አንድ ከተማ ስንገባ አቡጀዲውን ከመስቀላችን በፊት ትልልቅ ሰዎች ያሉበት ሄደው ይቀመጣሉ። የወንዙን ስም፣ ሰው የሚሰበሰብበትን ዛፍ ይጠይቃሉ። ሙሽራዋ ሮቢት ላይ ጎሊናን፣ ቆቦ ላይ ሆርማትን ትሻገራለች። ቀጥለው ሐዘን የተቀመጠ ቤት እንዳለ ይጠይቃሉ። ካለ የመቃብሩን ክፍል ዝለለው ይሉኛል፤ እኔም መብራቱን አጥፍቼ በእጄ እያዞርኩ አሳልፈዋለሁ። ከሰው ግን ምንም አይወስዱም። የአገሩን ሰው ስም፣ መልክ፣ ታሪክ ወሬያቸው ውስጥ አያስገቡም። ሙሽራዋን የትም ቦታ ከድጃ ነው የሚሏት። ለምን ሁልጊዜ ከድጃ እንደሆነች አልጠየቅኳቸውም። ሌላ ስም መፈለግ ሰልችቷቸው ይመስለኝ ነበር።

የስልሳ አምስቱ ክፉ ቀን ራያ ላይ ቀስ ብሎ ነው የገባው። መጀመሪያ ክረምቱ ቀረ፤ ቀጥሎ በልጉ ቀረ። ከተራራው ወርዶ ማሳውን የሚያጠጣው ጎርፍ አልመጣም፤ ማሽላው ጉልበት ሳይደርስ ደረቀ። ሰዎች ከየቀበሌው ወደ መኪናው መንገድ እየወጡ ዳር ዳሩን ተቀመጡ። ገበያ ላይ እህሉ እየሳሳ ሄዶ ሰው የቤቱን በርና ምሰሶ ነቅሎ መሸጥ ጀመረ። አለቃችን ደሴ ተቀምጦ ሳሙናው ለምን አልተሸጠም ይለናል። የሚበላው ያጣ ሰው ሳሙና አይገዛም ብለን ነገርነው። እናንተ ሰነፋችሁ እንጂ ሰው መታጠብ አይተውም አለን።

እኛስ ለምን አልተውነውም? ይህን ራሴን ብዙ ጊዜ ጠይቄአለሁ። አያ ይመር አንድ ቀን መኪናውን መልሰን ለባለቤቱ እናስረክብ ብለውኝ ነበር። ግን መኪናችንን ሲያዩ ከተቀመጡበት የሚነሡት ሰዎቹ ራሳቸው ናቸው። ከድጃ መጣች ይሉ ነበር። ጥቂት ዱቄት ስናገኝ አጥሚት እናስፈላለን፤ እሱ ሲያልቅ ያለን ነገር ከድጃ ብቻ ነበረች።

ቆቦ ላይ አንድ የእህል ነጋዴ ባዶ የቀረውን የማሽላ መጋዘኑን ሰጠን። ማታ ማታ ሰዉ ስለሚደክመው ቀን እንድናሳይ ነው። በሩን በብርድ ልብስ ጋርደን ውስጡን አጨለምነው። ግድግዳው ገና ማሽላ ማሽላ ይሸታል። ሰዉ ከፀሐይ ሸሽቶ ይገባና ወለሉ ላይ ይቀመጣል። አንዳንዱ ዓይኑን አቡጀዲው ላይ አድርጎ ጣቱን ወለሉ ስንጥቅ ውስጥ ይከታል፤ አንዲት ፍሬ ካገኘ ያሻታል፣ ያራግፋታል፣ ወደ አፉ ይወስዳታል።

እዚያ ሳለን አያ ይመርን ወባ ያዛቸው። ሙሔ በሚባል ሰው ሻይ ቤት ጓሮ ባለች ክፍል አስተኛኋቸው። ሙሔ ሻዩ ቀጭን፣ ልቡ ሰፊ ሰው ነበር። አያ ይመር እስኪሻላቸው ድረስ ማሽኑን እንዳላስነሣ ነገሩኝ። እኔ ግን ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ታሪኩን አፌ ውስጥ እስኪሟሟ ሰምቼዋለሁ። ምን ያቅተኛል አልኩና በማግስቱ ብቻዬን አሳየሁ።

ከማሽኑ አጠገብ ቆሜ እያዞርኩ አወራሁ። የሌሊት ወፎቹ ሲወጡ ተሳቀ። መቃብሩ ሲነቃነቅ ተሳቀ። የጋኔኑ ሰዓት ሲታይ አንዱ ከኋላ፣ እረፍት ላይ ነህ ወይስ ሥራ ገብተሃል ብሎ ጠየቀው። ግማሹ ሰው ፊልሙ ሳያልቅ ወጣ። በዚያ ዘመን ሰው ሲስቅ መስማት ራሱ ጸጋ ነበር፤ አያ ይመር ቢሆኑ ሳቁን ተቀብለው ይጨምሩበት ነበር። እኔ ተናደድኩ። የተናቅሁ መሰለኝ።

ከዚያ ሙሔ ቤት ተቀምጬ ሳኮርፍ መንገዱ ዳር ስለሚቀመጡ አንዲት ሴት አጫወተኝ። እመት ሐዋ ይባላሉ። አንድ ልጅ ብቻ አለቻቸው፣ ሰዓዳ። ከጥቂት ወራት በፊት ከጎረቤት ሰዎች ጋር ጥጥ ለቀማ ዱብቲ ወርዳለች። ስትሄድ ሰማያዊ ሻሽ አስራ ነበር፤ ግራ ክንዷ ላይ በልጅነቷ የተቃጠለችው ጠባሳ አለ፤ በሩን እንዳትሸጪው፣ እመጣለሁ ብላ ነው እናቷን የተለየችው። እመት ሐዋ በየቀኑ መኪና የሚቆምበት ቦታ ተቀምጠው ሾፌሩን ሁሉ ይጠይቃሉ። መርሳ የሚኖሩት ወንድማቸው ሁለት ጊዜ መጥቶ ልውሰድሽ ብሏቸዋል፤ እዚያ በመስኖ የበቀለ ጥቂት ነገር አለ። እሳቸው ግን ልጄ መጥታ ብታጣኝስ ብለው እምቢ አሉ። ሰውነታቸው አልቋል፤ እዚህ ከቆዩ አይተርፉም አለኝ ሙሔ። ወንድማቸው ለመጨረሻ ጊዜ በሳምንቱ ሊመጣ ነው።

ሙሔ ይህን የነገረኝ እንዳዝን ነው። እኔ ግን የሰማሁት ታሪክ ነው፤ ለነገ የሚሆነኝ ታሪክ።

በማግስቱ መጋዘኑ ሞላ። ሙሽራዋን ከድጃ አላልኳትም፤ ሰዓዳ አልኳት። ሙሽራነቷንም ተውኩትና ጥጥ ለቀማ በረሃ የወረደች የቆቦ ልጅ ናት አልኩ። ሰማያዊ ሻሿን፣ የክንዷን ጠባሳ፣ ስለ በሩ የተናገረችውን፣ ሁሉንም አንድ በአንድ አወጣሁት። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነው፤ ሻሿ ሰማያዊ ነው ስላቸው ግን ሰማያዊ ሆኖ የታያቸው ይመስለኛል። በረሃ ላይ ንዳድ ይዟት ሞተች፣ አሸዋ ውስጥ ቀበሯት፣ አሁን ወደ እናቷ እየመጣች ነው አልኩ። ሳቁ ቆመ። ጋኔኑ ሲመጣ ሰዓቱን ያየለት የለም። እንዳልዋሽ፣ ያን ጊዜ የተሰማኝ ደስታ ነው። አያ ይመርን በለጥኳቸው አልኩ በልቤ።

ሙሽራዋ በሩን አንኳኳች። ያኔ ከሰዉ መሃል አንዲት ሴት ተነሡ። ከፀሐይ ለመጠለል እንደ ሌላው ሰው ገብተው ተቀምጠው ኖሯል፤ እኔ በዓይን አላውቃቸውም። ነጠላቸው መሬት እየጠረገ በተቀመጠው ሰው መሃል አልፈው አቡጀዲው ጋ ደረሱ። የሙሽራዋ ፊት ግማሹ አቡጀዲው ላይ፣ ግማሹ እሳቸው ትከሻ ላይ ሆነ። እጃቸውን አንሥተው ጉንጯን ነኩ።

«ሰዓዳ፣ ሞተሻል እንዴ?» አሏት።

ደንግጬ ማሽኑን አቆምኩት። አምፖሉን አስቀድሞ ማጥፋት እንደሚገባ የሥራው ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ፊልሙ ቆሞ አምፖሉ ከበራ ሙቀቱ ይበላዋል። እጄ ተሳሳተ። የሙሽራዋ ፊት መሃል ላይ ቡናማ ነጥብ ወጣ። ነጥቡ ሰፋ፣ ፈላ፣ ዓይኗንና አፏን እየበላ ሄደ። በመጨረሻ አቡጀዲው ላይ ባዶ ብርሃን ብቻ ቀረ፤ እመት ሐዋም እጃቸውን እንደዘረጉ በብርሃኑ ውስጥ ቆመው ነበር።

ሰዉ ብርድ ልብሱን ገልጦ ወጣ። እኔ እግራቸው ስር ተንበርክኬ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ልጃቸውን አይቻት እንደማላውቅ፣ ከሙሔ እንደሰማሁ፣ መሞቷን ግን ከራሴ እንደጨመርኩት። ጥያቄያቸው አጭር ነበር፤ ሙሔ ያልነገረኝን ነገር ማን አፌ ውስጥ እንዳደረገው ጠየቁኝ።

አያ ይመር በዚያ ትኩሳት ተነሡ። ሙሔና እኔ ደግፈናቸው እመት ሐዋ ቤት ሄድን። ወላሂ ብለው ማሉላቸው፤ ፊልሙ የውጭ አገር ሰዎች ጨዋታ ነው፣ ልጁ ቀጣፊ ነው፣ ሰዓዳ ከሞተች የሚያውቀው አላህ ብቻ ነው አሏቸው። እመት ሐዋ እስከ መጨረሻው በጨዋነት አዳመጧቸው።

«አያ ይመር፣ አብሽር፤ ልቤ አስቀድሞም ነግሮኝ ነበር። ይህ ልጅ አፍ ሆነለት እንጂ» አሉ።

ስንመለስ አያ ይመር እየተንቀጠቀጡ ጋደም አሉ። ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ አልሰደቡኝም። ከድጃ እህታቸው እንደነበረች ነገሩኝ። ሙሽራ ሆና ስትሄድ ከበቅሎ ወድቃ፣ ባሏ ቤት ሳትደርስ ነው የሞተችው። ይህን ፊልም መጀመሪያ ያዩት ቀን ሥራውን ትተው ሊሄዱ ነበር። በኋላ ግን በየከተማው እሷን ማውራት ጀመሩ፤ ሰዉ ሲስቅባትም ሲያለቅስላትም የሚያመው እሳቸውን ብቻ ነበር።

«የሞተ ሰው ማውራት ካለብህ የራስህን አውራ። የሰው ልጅ አትግደል» አሉኝ።

እመት ሐዋ ለሰዓዳ ለቅሶ ተቀመጡ። ጎረቤቱ ከሌለው ላይ አንዳንድ ጭብጥ እህል ይዞ መጥቶ ሰደቃ ሆነ፤ ዱአ ተደረገ። እኔ ደጅ ቆሜ አሚን የሚለውን ሰማሁ። ወንድማቸው በሳምንቱ ሲመጣ እምቢ አላሉትም። በራቸውን ሸጡና በገንዘቡ ለመንገድ ስንቅ ይዘው ወደ መርሳ ሄዱ። ሙሔ አንዳንዴ ሊያጽናናኝ፣ ባትዋሽ ኖሮ እዚሁ ይሞቱ ነበር ይለኛል። ልክ ሊሆን ይችላል። ያ ግን ውሸቴን እውነት አላደረገልኝም።

አያ ይመር ከዚያ በኋላ አልተነሡም። እመት ሐዋ በሄዱ በማግስቱ አረፉ። ቆቦ ላይ ቀበርናቸው፤ በጎናቸው፣ ፊታቸውን ወደ ቂብላ አድርገን። ወባው ነው የገደላቸው፣ እመት ሐዋ ቤት የሄዱበት መንገድ አይደለም ይላል ሙሔ። አለቃችን መኪናውን የሚወስድ ሾፌር ላከ፤ መኪናውንም ማሽኑንም ፈርሜ አስረከብኩ። ቁልፉን ስሰጥ የሲኒማ ነገር ያበቃልኝ መስሎኝ ነበር። እኔ ግን ከቆቦ አልሄድኩም። እመት ሐዋ የሚቀመጡበት ቦታ ላይ ተቀመጥኩ። ከዱብቲ በኩል የመጣ መኪና ሲቆም ተነሥቼ ሰዓዳ የምትባል፣ ክንዷ ላይ ጠባሳ ያለባት ልጅ አይታችኋል ወይ እላለሁ። ሾፌሮቹ ለመዱኝ፤ ሳልጠይቃቸው በፊት ራሳቸውን ይነቀንቁልኛል። ሙሔ በቀን አንድ ሻይና ከቤቱ የተገኘውን ይሰጠኛል። እንዲያ ስቀመጥ ነው እመት ሐዋ በየቀኑ ምን ያደርጉ እንደነበር የገባኝ። መጠበቅ ሥራ ነው፤ እኔ ከሠራሁት ሁሉ የከበደ ሥራ።

በሦስተኛው ሳምንት አንዲት ልጅ ከጭነት መኪና ላይ ወረደች። ሻሽ የላትም፤ ፀጉሯ በአቧራ ነጥቷል፤ አጥንቷ ወጥቷል። መኪናውን ለመያዝ ግራ እጇን ስታነሣ ጠባሳውን አየሁት። ስሟን ጠራሁ። ዞር አለች።

ሁሉንም ነገርኳት። ትመታኛለች ብዬ ነበር። እሷ ግን የጠየቀችኝ እናቷ እንዳለቀሱላት ብቻ ነው። አዎ አልኳት። በር አልባውን ቤታቸውን ቆማ አየችው፤ ከዚያ መርሳ ውሰደኝ አለችኝ።

ከሙሔ ተበድሬ በማግስቱ በጭነት መኪና ወረድን። የወንድማቸውን ቤት ጠይቀን ስናገኘው እኩለ ቀን ሆኖ ነበር። እኔ ቀድሜ ልግባና ቀስ ብዬ ላስረዳቸው ብዬ አስቤ ነበር። ልጅቱ ግን ቤቱን እንዳሳዩዋት ሮጠች። ስደርስ በሩን እያንኳኳች ነው።

ከውስጥ ማን ነው አሉ። እኔ ነኝ፣ ሰዓዳ ነኝ አለች። ቀጥሎ የእመት ሐዋ ድምፅ አዑዙ ቢላሂ ማለት ጀመረ፤ ቁርኣኑን የሚያውቁትን ያህል በፍጥነት ያነበንቡ ጀመር። ልጄን ቀብሬአለሁ፣ አለቀስኩላት፣ ዱአ አደረግኩላት፣ እባክሽ ወደ ቦታሽ ተመለሽ አሉ። ያኔ እኔ ጣልቃ ገባሁ። እመት ሐዋ፣ እኔ ነኝ፣ የሲኒማው ሰው፣ በሕይወት አለች ብዬ ጮህኩ። ያ ድምፅ ልጃቸውን የገደለባቸው ድምፅ ነው። መቀርቀሪያው ሲገፋ ሰማሁ፤ ከኋላው አንድ ከባድ ነገር ሲጎተትም ሰማሁ።

ሰዓዳ ዞር ብላ አየችኝና ዝም በል አለችኝ። እሷን በወሬ የገደልኩት በዚሁ አፌ ነው፤ ያን ጊዜ ግን ያዝኩት። እሷ ማንኳኳቱን ተወች። ደጃፉ ላይ ተቀመጠች፤ ጭንቅላቷን በሩ ላይ አስደገፈች።

«እማ፣ ርቦኛል» አለች።

ከውስጥ ቁርኣኑ ቆመ። ኤኬራ ያንኳኳል፣ ይጣራል፣ ያለቅሳል ይላሉ የአገሩ ሰዎች፤ ርቦኛል ሲል ግን የሰማ የለም። የተጎተተው ነገር ተመልሶ ተጎተተ። በሩ የእጅ ስፋት ያህል ተከፈተና አንድ መዳፍ ወጣ። መዳፉ ላይ የተቀቀለ በቆሎ ነበር። ሰዓዳ በእጇ አልተቀበለችም፤ ጎንበስ ብላ ከመዳፉ ላይ በአፏ በላች። መዳፉ ባዶ ሆኖ ገባ፣ ሞልቶ ተመለሰ። በሦስተኛው ጊዜ መዳፉ ፊቷን ጨበጠ፤ በሩም ተከፈተ።

እኔን ግባ ያለኝ የለም፤ ማለትም አልነበረባቸውም። ከበሩ ኋላ የሁለቱን ለቅሶ እየሰማሁ ትንሽ ቆምኩ። ከዚያ ወደ መኪናው መንገድ መሄድ ጀመርኩ፤ እግሬ እየፈጠነ መጣ፤ ሮጥኩ። ቆቦ ደርሼ ለአያ ይመር ልነግራቸው ቸኩያለሁ። ርቦኛል ስትል ቁርኣኑ እንዴት እንደቆመ፣ መዳፉ እንዴት እንደወጣ፣ ሁሉንም በቅደም ተከተል አሰናድቼ፣ እሳቸው ሲሰሙት ፊታቸው ምን እንደሚሆን እያየሁ። መቀበራቸው ትዝ ያለኝ መኪናው መንገድ ሳልደርስ ግማሽ ላይ ነው። እዚያው መንገዱ ዳር ተቀመጥኩና እስኪወጣልኝ አለቀስኩ።